ጠይቄ እመለሳለሁ

«ኧረ ይህን ነገር አውርዱት፤ ሦስተኛ ሰው ሊፈነክት ነው!» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ ግንባሩን በመዳፉ ደግፎ የቆመውን ጎረቤት እየጎተተች ወንበር ላይ ስታስቀምጠው። «ይቅርታ አድርግልን ወንድሜ። ለቅሶ ልትደርስ መጥተህ እብጠት ተሸክመህ ልትመለስ!»

ጎረቤቱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ቀና ብሎ አየ። ከሳሎኑ ጣሪያ ላይ አንዲት ታንኳ በአፏ ተደፍታ በሁለት ወፍራም ገመድ ተንጠልጥላለች። ሳሎኑን ከጥግ እስከ ጥግ ይዛ የፊት ጫፏ በሩ አጠገብ ድረስ ዘልቋል፤ የገባ ሰው ሁሉ ጎንበስ ካላለ አይቀርለትም።

«ምንም አይደል» አለ ሾፌሩ። «እሱ ራሱስ መቼ ሳትነካው ገብቶ ያውቃል?»

«በየቀኑ ነበር የምትመታው» አለች ሚስትየው ከጥግ። ባሏ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ድምፅዋ እንዲህ ጠርቶ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። «ትመታውና ‹ይቅርታ› ይላታል። እሷን! ታንኳዋን!»

ሰዉ ሳቀ። ወዲያው የት እንደተቀመጠ ትዝ አለውና ሳቁን በሳል ሸፋፈነው። እሷ ግን ሳቁን ወደደችው። ሦስት ቀን ሙሉ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት የሰነበቱት ሰዎች፣ እሱን ራሱን አሁን ገና ያነሱት መሰላት።

«አትወርድም፣ እታለም» አለቻት የባሏን እህት፣ ለስለስ አድርጋ። «ሰው ሲገባ ‹ጎንበስ› እያልን እንቀበላለን።»

«እሺ፤ እንግዲህ በስተርጅና ‹ጎንበስ› ባይ ሆኜ በር ላይ ልቁም» አለች እህቱ። ቆመችም።

ሟቹ ቀያሽ ነበር። የካርታ ቢሮው መኪና ሄዶ ሄዶ መንገድ ሲያልቅበት፣ እሱ ታንኳውን ከመኪናው ጣሪያ ላይ ያወርዳል። ሰው ባልሰፈረበት ጫካ ውስጥ የሚወርድ ወንዝ፣ ከወፍ በቀር ጠያቂ የሌለው ሐይቅ፣ የሱ ድርሻ ነው፤ ጥልቀቱን በገመድ ይለካል፣ ዳርቻውን በእርሳስ ይስላል። ወንዙ ድንጋይ ላይ ሲሰባበር ታንኳውን በትከሻው ተሸክሞ በደረቁ ያልፍና ከዚያ ወዲያ እንደገና ውሃ ይገባል። ከተጋቡ በኋላ ግን ብዙውን ጊዜ ብቻውን አልሄደም። እሷ የዓመት ፈቃዷን ዝናቡ ሲያባራ ትወስድና ከፊት ትቀመጣለች፤ እሱ ከኋላ። ልጃቸውን ታላቅ እህቱ ጋ ያስቀምጧታል። «ልጅሽን ጥለሽብኝ ውሃ ለውሃ ስትዞሪ!» ትላት ነበር እህቱ፤ ልጅቷን ግን ከእጇ ለመቀበል የሚቀድማት አልነበረም።

የታንኳ ሕግ ቀላል ነው። ከፊት ያለው ያያል፣ ከኋላ ያለው ይመራል። ከፊት ያለው ያየውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ከኋላ ያለው «ሰማሁ» ይላል። «ድንጋይ፣ በቀኝ!» «ሰማሁ።» «ግንድ ተጋድሟል!» «ሰማሁ።» ከሁሉ በላይ ደግሞ ከፊት ያለው አይዞርም። ዘወር ካለ ታንኳዋ ታዘነብላለች። እሷ በመጀመሪያው ጉዟቸው ዞራ ነበር፤ ሌላ ምክንያት የላትም፣ መኖሩን ለማየት ብቻ። ሁለቱም ውሃ ውስጥ ገቡ፤ ድስቱና የዱቄቱ ከረጢት ተከተሏቸው። እሱ ብቅ አለና ጢሙ እየተንጠባጠበ፣ «አለሁ እኮ! ‹ሰማሁ› ካልኩሽ አለሁ ማለት ነው!» አላት። ከዚያ ወዲህ ዞራ አታውቅም። በዓመት አንድ ወር ባሏን በጀርባዋ ነበር የምትወደው።

«ፊቴ» ይላታል። ፊት ስለምትቀመጥ ይሁን ወይስ ስለ ሌላ፣ ጠይቃው አታውቅም።

*

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የካርታ ቢሮው ኃላፊ መጣ። «ጎንበስ!» ተባለ፤ ጎነበሰ። ቢሮው ውስጥ ሲቀጠር እርሳስ አያያዝ ያስተማረው ሟቹ ነበር። ሻይ ተሰጠው። ብርጭቆውን ሳይነካ ከቦርሳው አንድ ቅጽ አወጣ።

«እትዬ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን አዲሱ የካርታ እትም ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ይገባል። አንድ ነገር አሰብን። ከአራቱ ፏፏቴዎች በላይ ያለውን ሐይቅ በጋሼ ስም ልንሰይመው ነው። የቀረን የቤተሰብ ፊርማ ብቻ ነው።»

«የትኛውን ሐይቅ?» አለች ልጃቸው። ፋርማሲስት ናት፤ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከእናቷ ጎን አልተነሳችም።

ኃላፊው ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። «ያን… ‹ጠይቄ እመለሳለሁ› የሚባለውን።»

«ምን የሚባለውን?» አሉ ሁለት ሦስት ሰዎች በአንድ አፍ።

«ካርታው ላይ እንደዚያ ነው የሚለው። ጋሼ መጀመሪያ ሲደርሱበት ያን ዕለት ዳርቻው ላይ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ቅጹ ላይ ‹የቦታው ስም› በሚለው መስመር ለራሳቸው ማስታወሻ እንዲሆን ‹ጠይቄ እመለሳለሁ› ብለው በእርሳስ ጻፉ። ታይፒስቷ እንዳለ መታችዋ! ‹ጠይቄ እመለሳለሁ ሐይቅ› ተብሎ ታተመ። ይኸው ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ማንም ሳያርመው።»

ሾፌሩ እብጠቱን ይዞ ሳቀ። ሌላውም ተከተለው። «የትኛዋ ደንቆሮ ናት በእናታችሁ?» አለች የሟቹ እህት ከበሩ።

ሚስትየው ብድግ ብላ የሻይ ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። ያልተጠጡትንም ሰበሰበቻቸው።

«እስከ አርብ ታገሠኝ» አለችው ኃላፊውን፣ ትሪውን እንደያዘች።

*

ደንቆሮዋ እሷ ነበረች።

ቢሮው ከገባች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነበር፤ የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም። አለቃዋ፣ «ያየሽውን ምቺ፤ ማሰብ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» ብላታለች። ያየችውን መታች። ስሙ እንግዳ ሳይሆንባት ቀርቶ አይደለም። ግን በዚያው ሳምንት «አህያ ፈጅ» የሚባል ወንዝና «አትንኩኝ» የሚባል ኮረብታ መትታለች፤ ከነሱ በኋላ ይህ ምኑ ይደንቃል?

ካርታው ታትሞ ሲመጣ አለቆች ተሰበሰቡ። ታይፒስቶቹ ከበሩ ውጭ ተደርድረው ያዳምጣሉ። «ማን ነው ይህን የመታው?» ሲባል ከሰልፉ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች። ድምፁን የሰማችው ያን ጊዜ ነው፤ መልኩን ገና አላየችም። «የታይፒስቷ ጥፋት አይደለም» አለ ድምፁ፣ ሳይቸኩል። «መስመሩን ባዶ መተው ነበረብኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ለኔ ይጻፍ።»

ተጻፈለት። ደብዳቤውን እንድትመታ የተሰጠችው እሷ ነበረች። አንድ ፊደል ሳትስት መታችው፤ ወረቀቱ እንዳይረጥብ አንገቷን ወደ ጎን አዙራ።

ልታመሰግነው ስትሄድ ቢሮው ጓሮ ውስጥ የታንኳውን ስንጥቅ በሙጫ ሲደፍን አገኘችው። «ለሐይቁ ስም ያወጣሽለት አንቺ ነሽ?» አላት ቀና ሳይል። «ስም አውጥተሽለት ሳታዪው ልትቀሪ ነው እንግዲህ?»

በተጋቡ ዓመት ሊያሳያት ሞከረ። ያ ዞራ የተገለበጡበት ጉዞ ይህ ነው፤ ሦስተኛው ፏፏቴ ላይ ወንዙ ሞልቶ መለሳቸው። ከዚያ እርጉዝ ሆነች። ልጅቷ ሦስት ወር ሲሞላት እሱ ብቻውን ሄደ። ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ፣ ቆቡን እንኳ ሳያወልቅ።

«ጠየቅኩ፣ ተመለስኩ» አላት። «ስሙ ልክ ነው። ምንም አልተሳሳትሽም።»

ልጅቷን ታቅፋ ሳቀች፤ ከሳቁ ጋር እንባዋ መጣ። «አንተ ደግ ሰው!»

«እውነቴን ነው፣ ፊቴ።»

«እሺ፣ እሺ።»

«ሰዎቹ የነገሩኝ ነገር አለ፤ እኔ ባወራው አያምርም። አንድ ቀን እወስድሽና ከራሳቸው አፍ ትሰሚዋለሽ።»

አልወሰዳትም። ቢሮው ወደ ሌሎች ወንዞች መደበው፤ ከዚያ ልጅቷ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከዚያ ጉልበቱ ታንኳ ተሸክሞ አራት ፏፏቴ መውጣት እምቢ አለ። «የሰውን ሐይቅ ሁሉ ዞረን የራሳችንን ሳናይ!» እያለ ይቀልድ ነበር። እሷም «ስሙ ልክ ነው» ያላትን እንደ ስጦታ ይዛው ኖረች። ሚስቱ አንገቷን እንዳትደፋ ብሎ አንድ የማይዋሽ ሰው የዋሸላት ብቸኛ ውሸት ናት ብላ። ስትጸልይ፣ ስለዚያች ውሸት ይቅር እንዲለው ፈጣሪን ትለምናለች፤ እንዲህ ያለ ውሸታም ስለሰጣትም ታመሰግናለች።

*

ሐሙስ ረፋዱ ላይ ልጅቷ እናቷን ኩሽና ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። ሳሎን ውስጥ ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ።

«እማዬ፣ ስለ ሐይቁ ምን ያመነታሻል? ለአባዬ ሲያንሰው ነው እኮ።»

«ሲያንሰው ነው።»

«ታዲያ?»

እናትየው የታጠበ ብርጭቆ እንደገና ማጠብ ጀመረች። «አባትሽ የሄደበት ሁሉ ስሙን ዛፍ ላይ እንኳ ቧጥሮ አያውቅም። ‹እኔ የመጣሁት ልጠይቅ ነው፣ ልሰይም አይደለም› ይል ነበር።»

«እሱማ ይላል። ግን አየሽ አይደል ሰዉ እንዴት እንደሳቀ? ዓለም ሁሉ ሲስቅበት ሊኖር ነው? አባዬ ላይ እንዲሳቅ አልፈልግም።»

የተሳቀው በሱ አልነበረም፤ በሷ ነበር። እሱ ግን ያኔም ተሸክሞላት ነበር፣ ሞቶም ተሸክሞላት ሊቀር ነው። በዚህ በኩል ስታየው መፈረም ዕዳ መክፈል መሰላት። በዚያ በኩል ስታየው ደግሞ እሱን የሰጣት ያ ቃል ነው፤ በእጇ ልትፍቀው ነው።

«ነገ እፈርማለሁ» አለች በመጨረሻ።

ልጅቷ ግንባሯን ሳመቻት። ብርጭቆውንም ከእጇ ወሰደችው፤ ሦስተኛ ጊዜ ልታጥበው ነበር።

*

አርብ ጠዋት ኃላፊው ቀድሞ ደርሶ ቅጹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። ከበሩ «ጎንበስ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የመጣው ሰው ግን አልጎነበሰም። ቆመና ቀና ብሎ እጁን ዘረጋ፤ የታንኳዋን ከንፈር ዳበሰ፣ ጎኗ ላይ ያለ አንድ የቆየ ልጣፍ በአውራ ጣቱ ተጫነ።

«ይህ ልጣፍ የኔ ሥራ ነው» አለ። «አሁንም ይዟል።»

ሽማግሌ ነው፤ መዳፉ የገመድና የመቅዘፊያ ብዛት እንደ እንጨት ያደረቀው። አስቀመጡት፣ ሻይ ሰጡት። አሻጋሪ ነው፤ በታንኳ ሰው ከዳር ዳር ያደርሳል። የካርታ ቢሮው ልጆች ለአዲሱ እትም ሊለኩ ሄደው የቀያሹን ማረፍ ነገሩት፤ ሁለት ቀን ተጉዞ መጣ።

«ከየትኛው ሐይቅ ነው የመጡት፣ አባቴ?» አለች ልጅቷ።

«ከጠይቄ እመለሳለሁ።»

ሰውዬው ስላልሳቀ ማንም አልሳቀም።

ኃላፊው ቅጹን አስተካክሎ ያዘ። «አባባ፣ እሱ የኛ ስህተት ነው። እናንተ ድሮ የምትጠሩበትን፣ ትክክለኛውን ማለቴ ነው።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «የድሮውን አንጠራውም» አለ። ወደ ቅጹ እያመለከተ፣ «አንድ ጊዜ ልበለው፤ ወረቀት ላይ ግን አታስፍሩት። ‹አይመልሴ› ነበር የሚባለው። የወሰደውን ስለማይመልስ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? የኛው ሳያሳስቅም ይወስዳል። ሁለት ወንድሞቼን ወስዷል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ‹ወዴት ነው?› ትለኛለች፤ ‹አይመልሴ› ብዬ እወጣለሁ። እስቲ አስቡት፤ ለእናት ይህ ስንብት ነው?»

የሟቹ እህት በሩን ትታ ቀረበች።

«አንድ ቀን የመንደራችን አስተማሪ ካርታ ይዞ መጣ። ዘረጋና ሐይቃችንን በጣቱ አሳየን፤ ስሙን አነበበው፣ ‹ጠይቄ እመለሳለሁ›። ሳቅን! ሆዳችንን ይዘን። እናቴ ግን አልሳቀችም። ‹ድገመው እስቲ› አለችው። ደገመላት። በማግስቱ መቅዘፊያዬን ይዤ ስወጣ ‹ወዴት ነው?› አለችኝ። ነገርኳት። መንገዱን ዘግታ ቆመች። ‹ወዴት ነው?› አለች እንደገና። ያን ጊዜ ገባኝ። ‹ጠይቄ እመለሳለሁ› አልኳት። ‹እንዲህ በል!› አለችና አሳለፈችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንደሩ በሙሉ እንደሷ ሆነ።»

«ታዲያ ሰው መስጠሙ ቀረ?» አለ የአውቶቡስ ሾፌሩ።

«ኧረ የት! ውሃ ውሃ ነው። ከቤት ስንወጣ የምንለው ቃል ግን ተለወጠ። ይህ ትንሽ ነው?»

«ትንሽ አይደለም» አለ ሾፌሩ።

«ኋላ ቀያሹ መጣ። ‹ስህተት አለብኝ፤ ትክክለኛ ስሙን ንገሩኝና ላርመው› አለ። እናቴ እጅጌውን ጨምድዳ ይዛ ‹እንዳትነካው! ስሙ ልክ ነው!› አለችው። ‹የጻፈችው አንዲት ታይፒስት ናት› ቢላት፣ ‹አምጣልኝ፣ ልመርቃት› አለችው። ‹አንድ ቀን ይዣት እመጣለሁ› አላት። እናቴ ስትጠብቅ ቆይታ አረፈች፤ ምርቃቱን ለኔ አደራ ብላ። እሱም አረፈ። እንግዲህ እናንተ የቢሮ ሰዎች ካላችሁ…» ሽማግሌው ዙሪያውን አየ። «ያቺን የጻፈችውን ሴት የሚያውቃት አለ?»

ሚስትየው ተነሳች። የምትሰበስበው ብርጭቆ አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች።

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። የሟቹ እህት አጠገቧ ባለ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። «አንቺ? እኔ… ሰው ፊት ደንቆሮ ያልኩት… አፌ ቁርጥ ይበል!»

«ልክ ነሽ እታለም፤ ደንቆሮ ነበርኩ» አለች። እየሳቀች ነበር፤ ጉንጯ ግን ርሷል። «ስሙ ልክ ነው ብሎ ነገረኝ። እውነቴን ነው አለኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አልሰማሁትም። ሲዋሽልኝ መስሎኝ ለውሸቱ ምሕረት ስለምንለት!»

አሻጋሪው ብድግ አለና ቆቡን አወለቀ። ሁለት መዳፎቹን ዘረጋ። «እንግዲህ የእናቴ ቃል ይህ ነው፤ ‹ከደጅሽ የወጣ ይመለስልሽ›…» አለና ቃሉ አፉ ላይ ቀረ። የተቀመጠው የሐዘን ቤት መሆኑን አሁን ገና አየው መሰል አንገቱን ደፋ። «ይቅር ይበሉኝ። አርፍጄ ነው ያደረስኩት።»

«አላረፈዱም» አለችው። «ተመልሶልኛል። ከሞላ ወንዝ፣ ከጭጋግ፣ መንገድ ከሌለበት ሁሉ፣ ሠላሳ አራት ዓመት፣ አንድም ጊዜ ሳይቀር ተመልሶልኛል። ምርቃቱ ሳይነገረኝ በፊት ነው የደረሰኝ። ተመስገን።»

«አሜን» አለ አንድ ሰው፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

ወደ ኃላፊው ሄደች። ቅጹንና እስክሪብቶውን ተቀበለችው። «አዲስ ስም» በሚለው መስመር ላይ፣ በታይፒስት ጥንቃቄ፣ ከድሮ ጀምሮ የምታውቃቸውን ሦስት ፊደላት «ጠይቄ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ «እመለሳለሁ» ብላ ጨረሰች። ፈረመች። ለልጇ አሳየቻት። ልጅቷ አነበበችው፤ ከእናቷ ፊርማ ሥር የራሷን ጨመረችበት።

«እንዳለ ይሁን፣ እትዬ?» አለ ኃላፊው።

«እንዳለ» አለችው። «ያየኸውን ምታ። ማሰብ የሌላ ክፍል ሥራ ነው።»

*

ከሰዓት በኋላ ሰዉ ተመናመነ። ልጅቷና ሾፌሩ የጎረቤት ወንበሮችን ሁለት ሁለት እያደረጉ መለሱ። አሻጋሪው እስከ ነገ እንዲያርፍ ተለምኖ እሺ ብሏል፤ በሩ አጠገብ ተቀምጦ የሟቹን መቅዘፊያ እያገላበጠ ያያል። «ዝናቡ ሲያባራ ይምጡ» ብሏታል። «በአራቱ ፏፏቴ ታንኳዋን የሚሸከሙ ልጆች አሉኝ። እርስዎ ከፊት መቀመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብዎ።»

ልጅቷ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወንበሮች ልታነሳ ስትል እናቷ እጇን ያዘቻት።

«እነዚህ የኛው ናቸው።»

አንዱን ወስዳ ከታንኳዋ የፊት ጫፍ ሥር አስቀመጠችው፣ ወደ ተከፈተው በር አዙራ። ሌላውን ከሱ በስተኋላ፣ አንድ ሰው መቅዘፊያውን ዘርግቶ በማይነካት ርቀት ላይ። ከዚያ ከፊት ተቀመጠች። ደጁ ላይ ፀሐይ አለ፤ መንገዱ ላይ ሰዎች ያልፋሉ። አንገቷ ሊዞር ፈለገ። ከጀርባዋ ጸጥታ ውስጥ «እውነቴን ነው፣ ፊቴ» ያላትን ስታዳምጥ ቆየች።

«ሰማሁ» አለች።

አልዞረችም።